አማካዩ የደበቀው፦ በምናባዊ ማሽኖች መካከል የጠፉ ፓኬቶችን ፍለጋ

ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡30

የዳታቤዝ ክፍል ባልደረቦቼ ዛሬም ያንኑ አቤቱታ ይዘው መጡ። ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው የሚሄደው 800 ጊጋባይት የሌሊት መጠባበቂያ ቅጂ አንድ ቀን በ12 ደቂቃ ያልቃል። በማግስቱ ያው ቅጂ፣ በዚያው ሰዓት፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል። በመካከሉ ማንም ምንም አልነካም። «ዘገየ ቢባል እንለምደው ነበር፤ የትኛው ቀን እንደሚዘገይ አለማወቃችን ነው የጎዳን» አለችኝ የቡድኑ መሪ። እውነቷን ነው። ሁልጊዜ የሚዘገይ ኔትወርክ ቢያንስ ጸባዩ ይታወቃል።

አቀማመጡን ላስፍር። ሁለት ሰርቨሮች አሉ፤ ሀ እና ለ ብያቸዋለሁ። ሁለቱም ሊኑክስና ኬቪኤም (አንዱን ሰርቨር ለብዙ ምናባዊ ማሽኖች የሚያካፍል ሶፍትዌር) ላይ ናቸው። በሰርቨር ሀ ውስጥ ሀ1 እና ሀ2፣ በሰርቨር ለ ውስጥ ለ1 እና ለ2 የሚባሉ ምናባዊ ማሽኖች ይገኛሉ፤ ሌሎችም አብረዋቸው አሉ። የማሽኖቹ የኔትወርክ ካርዶች በየሰርቨራቸው ካለው የሊኑክስ ብሪጅ (በሶፍትዌር የተሠራ ማገናኛ) ጋር ተገናኝተዋል። ብሪጁ ደግሞ በኤልኤሲፒ (ብዙ መስመሮችን እንደ አንድ በሚያሠራ ደንብ) ከተጣመሩ ሁለት ባለ 10 ጊጋቢት የፋይበር መስመሮች ጋር ተያይዟል። አራቱም ፋይበሮች አንድ ስዊች ላይ ይገባሉ።

ባለፈው ወር ይኸው ችግር ሲነሳ እዚህም እዚያም ተነካክቶ፣ ምን እንደተለወጠና ምን እንደተሻለ ሳይታወቅ ቀርቷል። በዚህ ዙር የያዝሁት ደንብ አንድ ነው፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እለውጣለሁ፣ ከመለወጤ በፊትና በኋላ እለካለሁ፣ ሁሉንም እዚህ እጽፋለሁ።

ሰኞ፣ 5፡00

የመጀመሪያው ልኬት። አይፐርፍ3ን (የኔትወርክ ፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም) ከሀ1 ወደ ለ1 ለ30 ሰከንድ፣ አሥር ጊዜ አስኬድሁት። ውጤቱ በጊጋቢት በሰከንድ ይህ ነው፦ 9.3፣ 9.3፣ 1.2፣ 9.2፣ 1.1፣ 1.0፣ 9.3፣ 1.2፣ 9.3፣ 1.1።

ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጽፌ ብዙ አየኋቸው። አማካያቸው 5.2 ነው። ነገር ግን 5.2 የሚባል ፍጥነት አንድም ጊዜ አልታየም፤ በ2 እና በ9 መካከል ባዶ ነው። የክትትል ሰሌዳችን በየአምስት ደቂቃው አማካይ ስለሚያሳይ እስከ ዛሬ ያየነው «መካከለኛ ፍጥነት ያለው ኔትወርክ» ነበር፤ እንዲህ ያለ ኔትወርክ ግን የለንም። ያሉን ሁለት ናቸው፤ አንዱ ጤነኛ፣ ሌላው ታማሚ፤ እያንዳንዱ ግንኙነት ሲጀመር ከሁለቱ አንዱ ይደርሰዋል።

ሌላም ልብ ያልሁት ነገር አለ። አንዴ ከተጀመረ በኋላ ፍጥነቱ አይቀያየርም። በ9.3 የጀመረ በ9.3 ይጨርሳል፤ በ1.1 የጀመረም እንዲሁ። መጨናነቅ ቢሆን ኖሮ ከሰከንድ ሰከንድ ከፍና ዝቅ ሲል ባየሁ ነበር። በዘገምተኞቹ ዙሮች ጠፍተው ድጋሚ የተላኩ ፓኬቶች (ዳታው ተቆራርጦ የሚጓዝባቸው ቁራጮች) ወደ 2,700 ይጠጋሉ፤ በፈጣኖቹ ከአሥር አይበልጡም።

ሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ 9፡00

መንገዱን ልከፋፍለው። በአንድ ሰርቨር ውስጥ ያሉ ማሽኖች ሲነጋገሩ ፓኬቱ ከብሪጁ ወጥቶ ፋይበር ላይ አይደርስም። ስለዚህ ችግሩ እዚያም ከታየ ስዊቹና ኬብሉ ነጻ ናቸው ማለት ነው።

ከሀ1 ወደ ሀ2፦ ከ21 እስከ 23 ጊጋቢት፤ የተረጋጋ። ከለ1 ወደ ለ2፦ አንዴ 3፣ አንዴ 6፣ አንዴ 4.5።

ይህ ያልጠበቅሁት ነው። ሰርቨር ለ ውስጥ ኬብል የማይነካው ዝውውር ታሟል። ሕመሙ ግን ከጠዋቱ የተለየ ነው፤ ይህኛው ይዋዥቃል፣ ከሰዓት ሰዓት ይለያያል። ከአንድ በላይ በሽታ ሊኖር እንደሚችል አሁኑኑ እጽፋለሁ፤ አንዱን ሳገኝ ሌላውን እንዳልረሳ።

ማክሰኞ፣ 4፡00

ዛሬ ግማሽ ቀን የበላ የተሳሳተ ፍንጭ ስላጋጠመን ለሌላው እንዲጠቅም በዝርዝር እጽፈዋለሁ። ሀ1 ላይ ቲሲፒደምፕ (የሚያልፉ ፓኬቶችን የሚያሳይ ፕሮግራም) ከፍተን ስናይ፣ የሚወጣው ፓኬት ሁሉ «ቼክሰሙ (ፓኬቱ አለመበላሸቱ የሚረጋገጥበት ቁጥር) ስህተት ነው» የሚል ምልክት አለበት። አጠገቤ የነበረው ባልደረባዬ «ይኸው ተገኘ!» አለ።

አልተገኘም። ዘመናዊ ካርድ፣ ምናባዊውም ጭምር፣ የቼክሰም ስሌቱን ከከርነሉ (ከሊኑክስ እምብርት) ይረከባል፤ ይህ ርክክብ ኦፍሎድ ይባላል። ቲሲፒደምፕ ፓኬቱን የሚያየው ካርዱ ስሌቱን ከመሙላቱ በፊት ስለሆነ ቦታው ላይ ያልተጠናቀቀ ቁጥር ያገኛል። እዚያው ላይ 1,500 ባይት በሚፈቅድ መስመር ከ60,000 ባይት የሚበልጡ «ፓኬቶች» መታየታቸውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከርነሉ ትልቁን ቁራጭ እንዳለ ይሰጣል፣ መቆራረጡ ከታች ይደረጋል። ትክክለኛው ፍተሻ ተቀባዩ ዘንድ ነው። ለ1 ላይ ስናይ ቼክሰሙ ሁሉ ልክ ነበር።

ሆኖም ጥርጣሬው እንዲጠራ ሞከርነው። በኢዝቱል (የካርዱን ቅንብርና ቆጣሪ በሚያሳይና በሚለውጥ ትእዛዝ) የቼክሰም ርክክቡን አጠፋነው፤ እሱ ሲጠፋ የቲሲፒ መቆራረጡም አብሮ ይጠፋል። ፈጣኖቹ ዙሮች ከ9.3 ወደ 4 አካባቢ ወረዱ፤ የሀ1 ፕሮሰሰር ሞላ። ዘገምተኞቹ እዚያው 1.1 ላይ ቀሩ። መልሰን አበራነው። «ኦፍሎዱን አጥፋው» የሚለው ምክር በየቦታው ይሰጣል፤ አጥፍቶ መለካት ጥሩ ነው፣ ሳይለኩ አጥፍቶ መሄድ ግን ጤነኛውን ክፍል ይጎዳል።

የፓኬት መጠን ፍተሻ፦ እንዳይቆራረጥ ታዝዞ የተላከ የ1,472 ባይት ፒንግ (መልስ የሚጠብቅ የሙከራ ፓኬት) አለፈ፣ 1,473 ተመለሰ። 28 ባይት ራስጌ ሲጨመር ልክ 1,500 ነው። ኤምቲዩው (መስመሩ የሚፈቅደው ትልቁ የፓኬት መጠን) በመንገዱ ሁሉ ደህና ነው። በመካከላችን ቪኤክስላን (ፓኬትን በሌላ ፓኬት የሚጠቀልል ስልት) ቢኖር 50 ባይት ስለሚወስድ እዚህ ላይ ብዙ በቆየሁ ነበር፤ የለም፣ አልፌዋለሁ።

ማክሰኞ፣ 10፡00

እስካሁን የለካሁበት የመላኪያ ደንብ ቲሲፒ የጠፋውን እየተካ ስለሚደብቅ፣ የጠፋውን በማይተካው በዩዲፒ ልሞክር አልሁ። አይፐርፍ3 በዩዲፒ ካልተነገረው በቀር 1 ሜጋቢት ብቻ ስለሚልክ 2 ጊጋቢት እንዲልክ አዘዝሁት። ከሀ1 ወደ ለ1 የጠፋው 4 በመቶ ነው። ከሀ1 ወደ ሀ2፣ ትናንት ጤነኛ ባልነው መንገድ፣ ያም 4 በመቶ!

እዚህ ላይ «ፓኬት ጠፋ» ማለት ብቻውን ምንም እንደማይናገር ገባኝ። የት ጠፋ? በሊኑክስ ውስጥ ፓኬት ከሚሞትባቸው ቦታዎች አብዛኞቹ የየራሳቸው ቆጣሪ አላቸው። ተቀባዩ ሀ2 ላይ የዩዲፒውን ስታቲስቲክስ ከሙከራው በፊትና በኋላ አነበብሁ፤ የመቀበያ በፈር (የማቆያ ወረፋ) ስህተት የሚለው ቆጣሪ አይፐርፍ «ጠፉ» ካላቸው ጋር አንድ በአንድ እኩል ጨምሯል። ፓኬቶቹ ማሽኑ ውስጥ ገብተዋል። ያለቁት በመጨረሻው ደጃፍ፣ ፕሮግራሙ እስኪያነሳቸው በሚጠብቁበት ወረፋ ላይ ነው። ያ ወረፋ በነባሪ 212,992 ባይት ነው፤ በ2 ጊጋቢት ፍጥነት አንድ ሚሊሰከንድ አይሞላም። ፕሮሰሰሩ ለዚያች ቅጽበት ዘወር ካለ ሞልቶ ይፈሳል።

ጣሪያውን ከፍ አድርጌ በፈሩን 4 ሜጋባይት አደረግሁት። ከሀ1 ወደ ሀ2 የጠፋው ዜሮ ሆነ። ከሀ1 ወደ ለ1 ግን አንዱ ዙር 0፣ ሌላው 0.1 በመቶ። እንደገና ሁለት መልክ፤ ሰኞ ያየሁት ጥላ ቁጥር ለብሶ መጣ። በሺህ አንድ። ከለ1 ወደ ለ2 ደግሞ 2 በመቶ ያህል አሁንም ይጠፋል።

ረቡዕ፣ 3፡00

ዛሬ ለ2። የማሽኑን መግለጫ በሊብቨርት (የምናባዊ ማሽኖች ማስተዳደሪያ) ስከፍት ካርዱ ኢ1000 ሆኖ አገኘሁት። ማሽኑ ከሌላ ቦታ ተገልብጦ ሲመጣ ይዞት የመጣው ቅንብር ነው። ኢ1000 እውነተኛ የኢንቴል ካርድን የሚያስመስል ነው፤ የእንግዳው (የምናባዊው ማሽን) ድራይቨር ከእውነተኛ ካርድ ጋር የሚነጋገር መስሎት መዝገቦቹን በነካ ቁጥር ፕሮሰሰሩ ከእንግዳው ወጥቶ ወደ አስተናጋጁ (ወደ ሰርቨሩ) ይመለሳል። ቨርትአይኦ ግን ለምናባዊ ማሽን ተብሎ የተሠራ ነው፤ ቪሆስት የሚባለው የከርነል ሠራተኛ ፓኬቱን በጋራ ወረፋ በኩል ያቀብላል።

ካርዱን ቀየርሁ። ይህን ለሚያደርግ ሰው አንድ ማሳሰቢያ፦ ካርዱ ሲቀየር በእንግዳው ውስጥ ስሙም ይቀየራል፤ አድራሻው በቀድሞው ስም ከተጻፈ ማሽኑ ያለ ኔትወርክ ይነሳል። በኮንሶል መግቢያ መኖሩን ሳያረጋግጡ መጀመር አይገባም። እኔ ኮንሶሉን ከፍቼ ስለጠበቅሁ በሁለት ደቂቃ ተስተካከለ።

ውጤት፦ ከለ1 ወደ ለ2 ከ9 እስከ 17 ጊጋቢት። በጣም ተሻለ፤ ግን አሁንም ይዋዥቃል።

ረቡዕ፣ 8፡30

መዋዠቁን ተከተልሁ። እያንዳንዱ ምናባዊ ካርድ በአስተናጋጁ በኩል ታፕ የሚባል ጫፍ አለው። የለ2ን ታፕ ሳይ በመላኪያው በኩል የተጣሉ ፓኬቶች ቁጥር እየጨመረ ነው። ይህ ብዙ ሰው የሚያደናግር ቦታ ስለሆነ በግልጽ ልጻፈው፦ ታፑ ላይ «መላክ» የሚባለው አስተናጋጁ ወደ እንግዳው የሚልከው ነው፤ ለእንግዳው መቀበል ማለት ነው። በእንግዳው ውስጥ ሆኖ የመቀበያ ቆጣሪውን የሚያይ ሰው ዜሮ ያያል፤ ፓኬቱ ሳይገባ ደጅ ላይ ቀርቷልና። በእንግዳው ውስጥ ሆኖ እሱን መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ታፑ ለምን ይጥላል? እንግዳው ቶሎ ስለማያነሳ። ለምን ቶሎ አያነሳም? ለ2 ላይ ቶፕን (የፕሮሰሰር አጠቃቀም ማሳያ) ከፈትሁ፤ የተሰረቀ ጊዜ የሚለው ከ15 እስከ 20 በመቶ ይላል። እንግዳው ሊሠራ ዝግጁ ሆኖ ፕሮሰሰር ያላገኘበት ጊዜ ነው። ሰርቨር ለ 16 ኮር አለው፤ ለማሽኖቹ የተሰጡት ምናባዊ ፕሮሰሰሮች ሲደመሩ ግን 44 ናቸው። ከእነሱም ሁለቱ ማሽኖች ቀኑን ሙሉ ፋይል ይጨምቃሉ። ኔትወርክ መስሎን የነበረው የፕሮሰሰር ረሃብ ነው።

ጨማቂዎቹን ወደ ሌላ ሰርቨር አዛወርኋቸው፤ ለካሁ። ቀጥሎ የለ1ንና የለ2ን ፕሮሰሰሮች በአንድ ሶኬት (የፕሮሰሰር መቀመጫ) ላይ ባሉ ኮሮች ወሰንሁ፣ ከሩቁ ሶኬት ሜሞሪ ዳታ እንዳይጎትቱ፤ ለካሁ። በመጨረሻ የመቀበያ ወረፋውን ከ256 ወደ 1,024 አሳደግሁ፤ ለካሁ። ትልቁን ለውጥ ያመጣው የመጀመሪያው ነው፤ ሁለተኛው መዋዠቁን አጠበበ፤ ሦስተኛው በልኬት የሚታይ ልዩነት አላመጣም። አሁን ከ19 እስከ 21፣ ታፑ ላይ የሚጣል የለም።

ከሀ1 ወደ ለ1፦ 9.3፣ 1.1፣ 1.2፣ 9.3። አንዲት ቁጥር አልተነቃነቀችም።

ሐሙስ፣ 3፡30

ለምን በሺህ አንድ ብቻ ጠፍቶ ፍጥነቱ በስምንት እጅ ይወርዳል? ይህን ጥያቄ ባልደረቦቼም ጠይቀውኛል፤ በስሌት ልመልሰው። እነ ማቲስ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ቀመር የቲሲፒ ፍጥነት በግምት የአንድ ፓኬት ጭነት ለደርሶ መልስ ጊዜው ተካፍሎ፣ በ1.22 ተባዝቶ፣ ለጥፋቱ መጠን ካሬ ሥር ሲካፈል የሚገኘው ነው። የእኛ ጭነት 1,448 ባይት፣ ደርሶ መልሱ በጭነት ጊዜ 0.4 ሚሊሰከንድ፣ ጥፋቱ 0.001። የሚወጣው 1.1 ጊጋቢት ነው።

ልክ የምናየው ቁጥር! ቀመሩ የተሠራው ቲሲፒ ፍጥነቱን ይመጥንበት ለነበረው ለቀድሞው የሬኖ ስልት ነው፤ ሆኖም የሊኑክስ ነባሪ የሆነው ኩቢክ ደርሶ መልሱ እንዲህ ባጠረበት መንገድ እንደ ሬኖ ስለሚሆን ይሠራልናል። ከዚህ በኋላ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ከሺህ ፓኬት አንዱን የሚያጠፋ፣ አንዳንድ ግንኙነቶችን ብቻ የሚነካ ቦታ።

ሐሙስ፣ 5፡00

አቅጣጫውን ገለበጥሁ። ከለ1 ወደ ሀ1፣ አሥር ዙር፦ ሁሉም 9.3። ሕመሙ ወደ ለ በሚሄደው አቅጣጫ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ከሁሉ ይበልጥ ያስተማረኝ ሙከራ። የተጣመሩ መስመሮች አንድን ፍሰት (የአንድ ግንኙነት ፓኬቶችን) ለሁለት አይከፍሉም፤ ፓኬቶች እንዳይዘበራረቁ አንዱ ፍሰት በሙሉ በአንዱ መስመር ይሄዳል። በየትኛው እንደሚሄድ የሚወሰነው ከአድራሻዎቹና ከፖርት ቁጥሮቹ (በአንድ ማሽን ውስጥ ግንኙነቶችን ከሚለዩ ቁጥሮች) በሚሰላ ሃሽ፣ ማለትም ለተመሳሳይ ግብዓት ሁልጊዜ አንድ ውጤት በሚሰጥ ስሌት፣ ነው። አይፐርፍ በየዙሩ አዲስ የመነሻ ፖርት ስለሚወስድ፣ ሳናውቀው በየዙሩ ሳንቲም እየወረወርን ነበር። እንግዲህ ፖርቱን በእጄ ልያዘው።

ከ40000 እስከ 40015 ያሉትን አሥራ ስድስት የመነሻ ፖርቶች በተራ ሰጠሁት። ዘጠኙ 9.3፣ ሰባቱ 1.1 አካባቢ። ደገምሁት። ያው ዘጠኝ፣ ያው ሰባት። ሦስተኛ ጊዜ ደገምሁት፤ ፖርት 40003 ሁልጊዜ ታማሚ፣ 40004 ሁልጊዜ ጤነኛ። ለሳምንታት «አንዳንዴ» ስንለው የነበረው ነገር ውስጥ አንድም «አንዳንዴ» አልነበረበትም።

ፒንግ ለምን እንዳሳሳተንም አሁን ገባኝ። ፒንግ የፖርት ቁጥር የለውም፤ ከሀ1 ወደ ለ1 ሁልጊዜ በአንድ መስመር ይሄዳል፣ ያም ጤነኛው ነው። አንድ ሺህ ልከን አንድም ሳይጠፋ «መስመሩ ንጹሕ ነው» ያልነው ለዚህ ነበር።

ሐሙስ፣ 8፡00

ወደ ለ የሚሄደውን ፓኬት በየትኛው ፋይበር እንደሚያወርድ የሚመርጠው ስዊቹ ነው። ስለዚህ የምመለከተው በሰርቨር ለ በኩል ያሉትን እውነተኛ ካርዶች ነው። በኢዝቱል የሁለቱን ቆጣሪ አወጣሁ። የመጀመሪያው፦ የሲአርሲ ስህተት (መንገድ ላይ ተበላሽተው የደረሱ ፓኬቶች ቁጥር) 0። የሁለተኛው፦ ስምንት አኃዝ ያለው ቁጥር።

ይህ ቁጥር ሰርቨሩ ከተነሳ ጀምሮ የተጠራቀመ ስለሆነ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የድሮ ቁስል ሊሆን ይችላል። በፖርት 40003 የ30 ሰከንድ ሙከራ አደረግሁ። ቆጣሪው በ2,743 ጨመረ። አይፐርፍ የቆጠራቸው ድጋሚ የተላኩ ፓኬቶች 2,751። በ40004 ደገምሁ፤ ቆጣሪው አልተነቃነቀም።

ተገኘ። ፍሬሙ (ፓኬቱ በመስመሩ ላይ የሚጓዝበት ጥቅል) ሲደርስ ቢቶቹ ተበላሽተዋል፤ ካርዱ ሲአርሲው አልገጥም ሲለው እዚያው ይጥለዋል። ብሪጁ አያየውም፣ ታፑ አያየውም፣ እንግዳው ፈጽሞ አያውቀውም። ከሺህ ሙሉ ፍሬም አንዱ ማለት ከ12 ሚሊዮን ቢት አንዱ ተበላሸ ማለት ነው። የዚህ ዓይነቱ ባለ 10 ጊጋቢት ፋይበር ደረጃ የሚጠይቀው ከአንድ ትሪሊዮን ቢት ከአንድ በላይ እንዳይበላሽ ነው።

የተቃራኒው አቅጣጫ ጤነኛ የሆነበት ምክንያትም ግልጽ ነው። በፋይበሩ ውስጥ ሁለት ክሮች አሉ፤ አንዱ መሄጃ፣ አንዱ መምጫ። የታመመው አንዱ ብቻ ነው። ከለ ሲላክ የሀ1 «ደርሶኛል» የሚሉ ማረጋገጫዎች በታመመው ክር ቢመለሱ እንኳ፣ የኋለኛው ማረጋገጫ የቀደመውን ስለሚሸፍን ጥቂት ቢጠፋ አይጎዳም።

ዓርብ፣ 4፡00

ኬብል ከመንካቴ በፊት የመጨረሻ ማረጋገጫ፦ ሁለተኛውን መስመር ከጥምረቱ አወጣሁ። አሥራ ስድስቱም ፖርቶች 9.3። አቅማችን በግማሽ ቀንሶ ኔትወርኩ ተሻለ።

ቀጥሎ የብርሃኑን መጠን አነበብሁ። የስዊቹ ሞጁል (ብርሃኑን የሚልከው መሰኪያ) የሚልከው ከዜሮ በታች 2.4 ዲቢኤም (የብርሃን ኃይል መለኪያ)፣ ደህና ነው። ሰርቨር ለ ላይ የሚደርሰው ከዜሮ በታች 11.2። ለዚህ ዓይነቱ ሞጁል ዝቅተኛው ተቀባይነት ያለው ከዜሮ በታች 9.9 ነው። ልዩነቱ 8.8 ዴሲቤል ነው፤ ከስምንት እጅ ብርሃን ሰባቱ እጅ መንገድ ላይ ይቀራል።

የሰርቨር ክፍሉ ኃላፊ ጫፉን ነቅሎ በፋይበር ማጉሊያው አሳየኝ። ክብ ብርጭቆው መካከል፣ ብርሃኑ የሚያልፍበት ቦታ ላይ፣ አንዲት ጠቆር ያለች ቅንጣት ከዙሪያዋ እንደ ጉም የተዘረጋ ቅባት ይዛ ተቀምጣለች። ሰው ጣቱን ያሳረፈበት ይመስላል። በማጽጃው አንድ ጊዜ ተጫነው፤ ጉሙ ለቀቀ፣ ቅንጣቷ ቀረች። ሁለተኛ ጊዜ፤ ብርጭቆው ጠራ። መልሶ ሰካው። ከዜሮ በታች 2.9።

መስመሩን ወደ ጥምረቱ መለስሁት። አሥራ ስድስት ፖርት፣ ሦስት ጊዜ፦ ሁሉም ከ9.2 በላይ። ሁለቱን ማሽኖች በአንድ ላይ፣ በብዙ ፍሰት ሳስኬዳቸው በድምሩ 18 ጊጋቢት ደረሰ። ከሲአርሲ ቆጣሪው ፊት ለአንድ ሰዓት ተቀመጥሁ። አልጨመረም።

ሰኞ፣ 3፡00

የሦስት ሌሊት ቅጂ፦ 12 ደቂቃ፣ 12 ደቂቃ፣ 12 ደቂቃ። የዳታቤዝ ክፍሉ መሪ ቁጥሮቹን ስታይ ምንም አላለችም፤ ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና የፖርቶቹን ሠንጠረዥ እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ከመጀመሪያው አስረዳኋት።

ወደ ክትትሉ የጨመርኋቸው፦ በየእውነተኛው ካርድ የሲአርሲ ስህተት ጭማሪ በደቂቃ፤ የሚደርሰው የብርሃን መጠን፤ በየታፑ የተጣለ ፓኬት፤ በየእንግዳው የተሰረቀ ጊዜ። የፍጥነት ሰሌዳው ከአማካዩ ጎን ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን እንዲያሳይ ተደርጓል።

የቀረ ሥራ፦ ለ2ን በብዙ ወረፋ መሞከር፤ በማክሰኞው ሙከራ የተነካውን የሀ1 ቅንብር ዳግም ከተነሳ በኋላ ማረጋገጥ። በሰርቨር ሀ አንደኛው ፋይበር ላይ የሚደርሰው ብርሃን ከዜሮ በታች 6.8 ነው፤ ስህተት ገና የለውም፣ ግን ከጎረቤቱ በ4 ያንሳል። ሐሙስ ሌሊት በጥገናው ሰዓት ይጸዳል።